«ማህፀን» የሚባለው ሁሉ ማህፀን አይደለም፦ ለሴት ተማሪዎች የትኞቹን ቃላት እንጠቀም?

ክበብ_አስተባባሪ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ። ለ7ኛ እና 8ኛ ክፍል ሴት ልጆች (ከ13 እስከ 15 ዓመት) ስለ ራሳቸው አካል ሁለት ክፍለ ጊዜ እያዘጋጀን ነው፤ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ። የወር አበባና የሞዴስ አጠቃቀም አላስቸገረንም። የተቸገርነው ከውጭ ያለው ብልት ላይ ስንደርስ ነው። እጃችን ላይ ያለው ሥዕል ማህፀኑን፣ የእንቁላል ቱቦውንና የእንቁላል ዕጢውን ያሳይና ከውጭ ያለውን ባዶ ይተወዋል። ቃል ስንፈልግ ደግሞ ወይ ስድብ ነው፣ ወይ የመጽሐፍ ቋንቋ ነው፣ ወይ «ያ ነገር» ነው። እባካችሁ፣ የትኛውን ቃል ለየትኛው ክፍል ትላላችሁ? እናቶች «ልጆቻችንን ልታባልጉ ነው» ሲሉስ ምን ይባላል? ፎቶ ሳናሳይ በምን እናስረዳ?

አዋላጅ_ነርስ፦
መምህርት፣ ከ«ብልት» ይጀምሩ። ቃሉ በራሱ ነውር የለበትም፤ ዶሮ 12 ብልት አላት ስንል ማንም አያፍርም፣ ትርጉሙ የአካል ክፍል ነው። «የውጭ ብልት» ካሉ ከውጭ የሚታየው በሙሉ ተጠራ ማለት ነው። «ሀፍረተ ሥጋ» ጨዋ ቃል ነው፣ ጽሑፍ ላይም ያምራል፤ ግን ስሙ ውስጥ ሀፍረት አለ። አንዲት ልጅ ስለዚህ አካሏ መጀመሪያ የምትማረው ማፈርን እንዲሆን ካልፈለጉ ይተዉት። ያ ባለ ሦስት ፊደሉ ቃል ዛሬ ስድብ ስለሆነ ክፍል ውስጥ አይገባም።

ከላይ ወደ ታች ይሂዱ፤ ቅደም ተከተሉ ራሱ ለማስታወስ ይረዳል። ጎንና ጎን ያሉት ጸጉር የሚያበቅሉት ውጫዊ ከንፈሮች ናቸው። እነሱ ሲገለጡ ጸጉር የሌላቸው ውስጠኛ ከንፈሮች ይታያሉ። ውስጠኞቹ ከላይ የሚገናኙበት ቦታ ላይ በቆዳ ቆብ የተሸፈነችው ቂንጥር ናት። ከሷ ዝቅ ብሎ ጠባቡ የሽንት ቀዳዳ አለ። ከሱ ዝቅ ሲል የወር አበባ የሚወጣበት የብልት ቀዳዳ፣ በመጨረሻም መቀመጫ። ሦስት ቀዳዳዎች፣ ሦስት ሥራዎች። ሽንትና የወር አበባ በአንድ ቀዳዳ ይወጣሉ ብለው የሚያስቡ አዋቂዎች ጥቂት አይደሉም፤ ስለዚህ «ሦስት» የሚለውን ቁጥር ደጋግመው ያስብሏቸው።

ከብልት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ያለውን ባለሙያ «ቫጂና» ይለዋል፤ ለልጆቹ «የመውለጃ ቦይ» ማለት ይበቃል። ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ጫፉ ላይ የማህፀን በር አለ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ራሱ ማህፀኑ ነው፣ ቁልቁል የተገለበጠች ትንሽ አቮካዶ የምታክል። እዚህ ላይ ይጠንቀቁ፦ «የማህፀን በር» ሲባል ብዙ ሴት የሚመጣላት ከውጭ ያለው ቀዳዳ ነው። የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ ስትባልም «ደጁ ላይ ምንም የለብኝ፣ በየቀኑ እታጠባለሁ» ትላለች። በሩ ያለው ከውስጥ፣ ከቦዩ መጨረሻ እንደሆነና በዓይንም በእጥበትም እንደማይደረስበት ካልነገሯት የምርመራው ነገር አይገባትም።

ስለ እጥበት አሥር ደቂቃ ይመድቡ። ከውጭ ያለው በንጹህ ውሃ ይታጠባል፣ ከፊት ወደ ኋላ። ወደ ውስጥ ሳሙና፣ ሎሚ፣ ጨው፣ ኮምጣጤ፣ ዴቶል አይገባም። የመውለጃ ቦዩ የራሱ አሲድ አለው፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ3.8 እስከ 4.5 ነው፤ ይህንን የሚጠብቁት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ናቸው። በሳሙና ሲታጠቡ እነሱ ይሞታሉ፣ ሌሎቹ ይራባሉ፣ የዓሣ ሽታ ያለው ፈሳሽ ይመጣል። ልጅቷ በጠረኑ አፍራ ሁለት እጥፍ ትታጠባለች፣ ይብስባታል። ማቆሚያ የሌለው ዙሪያ ጥምጥም ነው።

ጤነኛ ፈሳሽ ምን እንደሚመስልም ይንገሯቸው፦ ውሃ መሰል ወይም ነጣ ያለ፣ ሲደርቅ ቢጫ የሚል። የመጀመሪያው የወር አበባ ከመምጣቱ ከ6 እስከ 12 ወር ቀድሞ ይጀምራል። ጥቁር የውስጥ ሱሪ መሃሉ ላይ እየነጣ የሚሄደውም በዚያው አሲድ ምክንያት ነው፣ በበሽታ አይደለም። ጤና ጣቢያ የሚያስኬደው እንደ አይብ የረጋና የሚያሳክክ፣ ግራጫ ሆኖ የዓሣ ሽታ ያለው፣ ወይም አረፋማ ቢጫ አረንጓዴ የሆነ ነው።

አስተርጓሚ_ከባሕር_ማዶ፦
ከአዋላጇ ጋር በቃላቱ እስማማለሁ፣ ለታዳጊዎች ልክ ናቸው። ለእናቶችና ለአያቶች ግን «ውጫዊ ከንፈር» ቢሏቸው አፍን ይነካሉ። በአሜሪካም በአውሮፓም በእስራኤልም ሆስፒታል ለሚያስተረጉም ሰው ዋናው ፈተና «ማህፀኔን ያመኛል» የሚለው ነው። ማህፀን ማለት እንደ ተናጋሪዋ የሚያሳክክ ከንፈር፣ የሚያቃጥል የሽንት ቀዳዳ፣ ከእምብርት በታች ያለ ቁርጠት ወይም እውነተኛው ማህፀን ሊሆን ይችላል። አስተርጓሚ ቃሉን እንዳለ ካቀበለ ሐኪሙ ለማህፀን አልትራሳውንድ ያዛል፣ ሴትዮዋ ደግሞ ፈንገሷን ይዛ ትመለሳለች። ወይም በተቃራኒው፣ «ያቃጥለኛል» ብቻ ተብሎ ተተርጉሞ የሽንት ኢንፌክሽን ነው ይባልና ፀረ ባክቴሪያ ይሰጣታል፤ ያ መድኃኒት ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ይገድልና ፈንገሱን ያብሰዋል።

የሚያዋጣው ሦስት ጥያቄ ነው፦ «ሲሸኑ ነው የሚያቃጥልዎ ወይስ ሁልጊዜ?»፣ «ከውጭ ቆዳው ነው ወይስ ከውስጥ?»፣ «እጅዎን በልብስዎ ላይ አድርገው ያሳዩኝ»። የመጨረሻው ከቃል ሁሉ ይበልጣል።

ሌሎች የሚያምታቱ አነጋገሮችም አሉ። «ማህፀኔ ወጣ» ያለች እናት የማህፀን መውረድ እየነገረችዎ ነው፤ ቁጢጥ ሲሉ፣ ሲያስሉ፣ ሲሸከሙ የሚባባስ እብጠት መኖሩን ይጠይቁ። «ማህፀኔን ብርድ መታው» ማለት ፈሳሽ አለ፣ ወይም የወገብና የሆድ ሕመም አለ፣ ወይም ልጅ እንቢ አለ ማለት ነው፤ «ብርድ» ብለው ቃል በቃል አይተርጉሙት። ይህን ያለች ሴት ጢስ ሞቃ ወይም ወይባ ገብታ ሊሆን ስለሚችል በጨዋ ቃል ይጠይቋት፤ የውጭ ብልቱ ቆዳ በሙቀት ከተለበለበ ሐኪሙ ማወቅ አለበት። «አደፍ»፣ «ልማድ»፣ «ግዳጅ» ሁሉም የወር አበባ ናቸው። ከቤተ እስራኤል የመጡ ትልልቅ እናቶች ዘንድ የወር አበባ ያላት ሴት ከመንደሩ ወጣ ብላ የምትቀመጥበት የመርገም ጎጆ ነበር። ጎጆው ከስደቱ በኋላ ቀረ እንጂ ስለዚያ ጊዜ በወንድ ፊት አለመናገሩ አልቀረም። ወንድ አስተርጓሚ ከተመደበ በስልክ ሴት ይፈለግ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። በዓረብ አገር በአሠሪዋ ታጅባ ለመጣች ልጅም ይኸው ይሠራል፤ አሠሪዋ ከክፍሉ ካልወጣች ታማሚዋ «ሆዴን ነው» ብላ ታልፈዋለች።

ክበብ_አስተባባሪ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስቱ ቀዳዳ ለትምህርቱ ርዕስ ራሱ ይሆናል። አንድ ነገር ግን፦ «ቂንጥር» የሚለውን ስናነብ ሁለት መምህራን ደነገጡ። «ቂንጥራም» ስድብ አይደለም ወይ? ደግሞም ስሟን ከጠራን ስለ ግርዛት መናገራችን አይቀርም፤ እናቶች «ያልተገረዘች ዕቃ ትሰብራለች» ይሉናል።

ጤና_መኮንን፦
ስድቡ ራሱ ማስረጃ ነው። «ቂንጥራም» የተባለችው ያልተገረዘች ናት ተብላ ነው፤ ማለትም አንድ ጤነኛ አካል በቦታው መኖሩ ስድብ ሆነ። «አፍንጫም» ብሎ ስድብ እንዳለ ይቁጠሩት። ስለዚህ ቃሉን ከስድቡ ማስመለስ ይሻላል፤ «ሰዎች ሲሰድቡበት ሰምታችሁ ይሆናል፣ የአካል ስም ነው» ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይለፉት። ቆም ብለው ካፈሩ ክፍሉ በሳቅ ያልቃል።

ከመግባትዎ በፊት ግን አንድ ነገር ይረዱ። በ2016 (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 65 በመቶዎቹ የተገረዙ ናቸው፤ በ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) 80 በመቶ ነበር። ከ15 እስከ 19 ባሉት 47 በመቶ፣ ከ45 እስከ 49 ባሉት 75 በመቶ። ሶማሌ ክልል 99፣ አፋር 91፣ ትግራይ 24፤ አዲስ አበባ እንኳ 54 በመቶ። ይህ ማለት ፊትዎ ከሚቀመጡት ልጆች ብዙዎቹ የተገረዙ ሊሆኑ ይችላሉ። በአማራና በትግራይ የሚፈጸመው በአብዛኛው በጨቅላነት ስለሆነ፣ ልጅቷ ራሷ ላታውቀው ትችላለች። ስለዚህ «እጅ አውጡ» አይባልም። «ጎደሎ»፣ «ስሜት አልባ»፣ «የተበላሸ» የሚሉ ቃላት ከአፍዎ አይውጡ። ከውጭ የምትታየው የቂንጥር ጫፍ ብቻ ናት፤ አካሏ ሹካ መስሎ በሁለት ክንፍ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፣ በድምሩ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ይህንን አውስትራሊያዊቷ የሽንት ቧንቧ ቀዶ ሐኪም ሄለን ኦኮኔል በ1998 (እ.ኤ.አ.) በዝርዝር አሳይታለች፤ ያኔ ሰው ጨረቃ ላይ ከወጣ 29 ዓመት ሆኖት ነበር። ጫፏ የተቆረጠ ልጅ ከውስጥ ያለው አብዛኛው አካል አብሯት አለ፤ ይህን መስማቷ ይጠቅማታል።

ለእናቶች መልስ፦ ሳህን የሚሰበረው በእጅ ነው። ከቂንጥር ወደ እጅ የሚሄድ ነርቭ የለም። «እያደገች ትረዝማለች» ለሚሉት፣ በጉርምስና ትንሽ ታድግና ትቆማለች። «ሲወልዱ ትዘጋለች» ለሚሉት ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ጤነኛ ቆዳ ይለጠጣል፣ ጠባሳ ግን አይለጠጥም፣ ይተረተራል። የዓለም ጤና ድርጅት በስድስት የአፍሪካ አገራት 28 ሺህ ያህል ወላዶችን አይቶ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ጥናት፣ ተገርዘው የብልት ቀዳዳቸው የተሰፋ ሴቶች ካልተገረዙት ይልቅ በቀዶ ሕክምና የመውለድ ዕድላቸው በ30 በመቶ፣ ከወሊድ በኋላ ብዙ የመድማት ዕድላቸው በ70 በመቶ ይበልጣል። «ሃይማኖት ነው» ለሚሉት፣ ዘፍጥረት 17 የሚያዘው ወንዱን ነው፤ ቁርኣንም ሴት ልጅ ትገረዝ የሚል አንቀጽ የለውም። ክርክር ውስጥ አይግቡ፤ ይህን ብለው ቄሱን ወይም ሼኹን ራሳቸውን እንዲጠይቁ ይተዉላቸው።

ሕጉን ከጠየቋችሁ፦ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 565 ሴትን የገረዘ ከሦስት ወር በማያንስ ቀላል እስራት ወይም ከ500 ብር በማያንስ መቀጮ ይቀጣል ይላል። አንቀጽ 566 የሰፋን ከ3 እስከ 5 ዓመት፣ ጉዳት ካደረሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይጥልበታል። (500 ብር ዛሬ ስንት ኪሎ ጤፍ እንደሚገዛ እናንተ ቁጠሩት።) «ጤና ጣቢያ በንጽሕና ይሠራልኝ» የሚለውም መውጫ ተዘግቷል፤ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2017 (እ.ኤ.አ.) በጤና ተቋማት እንዳይፈጸም ከልክሏል። አሜሪካና እንግሊዝ ያላችሁ ደግሞ ልጅን ለዚህ ሲባል ወደ አገር ቤት መውሰድ ራሱ ወንጀል ነው።

አዋላጅ_ነርስ፦
ስለ ድንግልና ሳይጠየቁ አይወጡም፤ ተዘጋጅተው ይግቡ። «ብር አምባር ሰበረልዎ» በሠርግ ዘፈን ሲሰማ ያደገች ልጅ እዚያ ቦታ የሚሰበር ነገር እንዳለ ታምናለች። የሚሰበር የለም። ያለው በብልት ቀዳዳ ዙሪያ ቀለበት የሚመስል ለስላሳ ስስ ቆዳ ነው፤ መሃሉ ክፍት ነው፣ ባይሆን የወር አበባ በየት ይወጣ ነበር? የአንዳንዷ ሰፊ፣ የአንዳንዷ ጠባብ፣ የአንዳንዷ እንደ ግማሽ ጨረቃ ነው። በጉርምስና ሆርሞን ስለሚለሰልስና ስለሚለጠጥ በመጀመሪያው ግንኙነት የማይደሙ ብዙ ናቸው። ደም የመጣ እንደሆነም ከድርቀትና ከመጣደፍ የመጣ ጭረት ነው ብዙውን ጊዜ። ስለዚህ ሚዜ ያሳየው ነጠላ ስለ ሙሽራዋ ያለፈ ሕይወት ምንም አይናገርም። ሐኪምም ዓይቶ መናገር አይችልም፤ የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የሴቶችና የሰብዓዊ መብት ቢሮዎች በጥቅምት 2018 (እ.ኤ.አ.) የድንግልና ምርመራ ይቁም ያሉት ለዚሁ ነው።

አንድ ምልክት ግን ለእናቶችም ለልጆችም ይነገር። አልፎ አልፎ ቀለበቱ ድፍን ሆኖ የሚወለዱ አሉ። ልጅቷ 14፣ 15 ዓመት ሆኗት፣ ጡቷ አድጎ፣ የወር አበባ ሳይታይ በየወሩ ሆዷን አጥብቆ ከቆረጣት፣ ሽንትም ከተቸገረች፣ ደሙ ከውስጥ እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል። ሕክምናው አጭር ነው፤ በማደንዘዣ ይከፈታል። «ክብሯ ይነካል» ተብሎ የዘገየ እንደሆነ ግን ደሙ ወደ ማህፀኑና ወደ ቱቦው ይመለሳል። ወላጅ ከፈራ ሐኪሙን የጽሑፍ ማስረጃ እንዲሰጥ መጠየቅ ይቻላል፤ ለባሏም ለአማቷም ያገለግላታል።

ባዮሎጂ_መምህር፦
የማሳያው ነገር። ፎቶ አያስፈልግም፣ ሰሌዳ ላይ መሣልም አይመከርም፤ ሥዕሉ ተቀድቶ ሽንት ቤት ግድግዳ ላይ ያድራል። የጨርቅ ሞዴል ይስፉ፤ በእጅ ይዳሰሳል፣ በስልክ ፎቶ ቢነሳም የሚያስፈራ ነገር የለውም።

የሚያስፈልገው ቡናማ ከፋይ ጨርቅ ግማሽ ሜትር፣ ለስለስ ያለ ሳቲን ሩብ ሜትር፣ ጥጥ፣ አንድ ዶቃና መርፌ ክር ነው። ቀይ ጨርቅ አይምረጡ፤ ልጆች የሚያስቡት ቁስልና ደም ይሆናል። ከፋዩን 30 በ20 ሴንቲ ሜትር ቆርጠው መሠረት ያድርጉት። ውጫዊ ከንፈሮቹን ጥጥ በተሞሉ ሁለት ጥቅሎች ይስፉ፣ እያንዳንዱ 18 ሴንቲ ሜትር። ውስጠኞቹን ከሳቲኑ በነጠላ እጥፋት ይሥሩ፤ ሆን ብለው ግራውን ከቀኙ ያስረዝሙት። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፦ ሁለቱን እኩል አድርጎ ይሰፋና ልጆቹ የራሳቸው እኩል አለመሆኑን በሽታ ያደርጉታል። በእንግሊዝ በ50 ሴቶች ላይ ተለክቶ በ2005 (እ.ኤ.አ.) በወጣ ጥናት ውስጠኛው ከንፈር ስፋቱ ከ7 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ነበር፣ ሁሉም ጤነኞች። ከላይ ሁለቱ እጥፋት ሲገናኙ ዶቃውን አስገብተው በትንሽ የሳቲን ቆብ ይሸፍኑ። ለሽንት ቀዳዳ በጥቁር ክር ነጥብ ብቻ ይጥለፉ፣ ቀዳዳ አይብሱ፤ ከበሱት ከብልት ቀዳዳ ጋር ይምታታል። የብልት ቀዳዳውን ቀጥ ብሎ የተሰነጠቀ የ3 ሴንቲ ሜትር ክፍት አድርገው ከጀርባው የ10 ሴንቲ ሜትር ካልሲ ይስፉበት። ካልሲው ጫፍ ላይ የታሰረችው ቋጠሮ የማህፀን በር ናት። ልጆቹ ጣታቸውን አስገብተው ቋጠሮዋን ሲነኩ አዋላጇ ያሉት «በሩ ከውስጥ ነው» ያለ ንግግር ይገባቸዋል።

እናቶችን ከልጆቹ አንድ ሳምንት ቀድመው ይጥሯቸው፤ በልጆች ጉዳይ አይጀምሩ፣ በራሳቸው ይጀምሩ። ከ30 እስከ 49 ዓመት ላለች ሴት የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ እንዴት እንደሚሠራ በዚያው ሞዴል ያሳዩ፦ የብልት ቀዳዳውን የሚከፍተው ማስፊያ መሣሪያ ገብቶ በሩ ይታያል፣ ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ (ኮምጣጤ በሉት) በጥጥ ይቀባል፣ አንድ ደቂቃ ይጠበቃል፣ የነጣ ቦታ ካለ ይታያል፤ ከአሥር ደቂቃ አያልፍም። ከዚያ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው ክትባት ለዚሁ በር እንደሆነ ይንገሯቸው። እናቲቱ ራሷ ካልሲው ውስጥ ጣቷን አስገብታ ከነካች በኋላ «ልታባልጉ ነው» የሚለው ነገር ብዙ አቅም አይኖረውም። አንዲት እናት ስትስቅ አይከልክሏት፣ ሌሎቹም ይፈታሉ።

ለልጆቹ ክፍል ከ25 አይብለጥ፣ ወንድ መምህር አይግባ (እኔንም ጨምሮ)። የጥያቄ ሳጥን ያስቀምጡ፤ ግን ባዶ ወረቀት ለፈለገ ብቻ ከሰጡ ማንም አይጽፍም፣ የጻፈችዋ ትታያለችና። ለሁሉም አንድ ዓይነት ወረቀትና አንድ ቀለም እስክሪብቶ ይስጡ፤ ጥያቄ የሌላት «ጥያቄ የለኝም» ብላ ትጽፍ፣ ሁሉም አጥፎ ይጣል። ወረቀቶቹን እዚያው አያንብቡ። የሁለተኛው ክፍለ ጊዜ የመጀመሪያ 20 ደቂቃ ለመልስ ይሁን፤ ከመካከላቸው «አንድ ሰው ይነካኛል» የሚል ከወጣ በክፍል አይነበብም፣ በዚያኑ ቀን ወደ ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ይሄዳል። ለዚህ ሲሉ ደግሞ ልጆቹ በወረቀቱ ላይ የትኛውን ክፍል እንደሆነ በስሙ መጻፍ እንዲችሉ በመጀመሪያው ቀን ስሞቹን ሰሌዳ ላይ ጽፈው ይተዉላቸው፤ ሥዕል ነው ያልኩት እንጂ ስም አይደለም የሚከለከለው።

ክበብ_አስተባባሪ፦
ከፋዩንም ካልሲውንም አግኝተናል። ሳቲኑ በምን ይታጠባል? ሰላሳ ጣት ነው የሚያልፍበት።

ባዮሎጂ_መምህር፦
ለብ ባለ ውሃና በልብስ ሳሙና፣ ሳይጨመቅ፣ ጥላ ላይ ይሰጣ። ዶቃውን በሁለት ድርብ ክር ይስፉት፤ መጀመሪያ የሚበጠሰው እሱ ነው።